የቅጥር ፈተናና የሙከራ ሥራ በሕግ ፊት፦ በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች መነሻነት

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በፎገራ ሜዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአብዮቱ ዘመን ወዲህ በሜዳው የተስፋፋው የሩዝ እርሻ የመፈልፈያ ቤቶችን አስከትሏል፤ እነርሱም ሞተር አንቀሳቃሽና ጆንያ ተሸካሚ ይቀጥራሉ። ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ባለቤቱ «እስቲ እጅህን ልየው» ቢለው በሕግ ተፈቅዶለታልን? ፈተናውስ የት ላይ አብቅቶ ሥራው የት ላይ ይጀምራል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከታሪካቸው ጋር ባጭሩ እንመረምራለን።

ሠራተኛን በችሎታ መዝኖ መቅጠር ለሕጋችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 23 የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያስተዳድር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም፣ የታሰበው የመንግሥት አገልግሎት በችሎታ መመዘኛ እንዲመራ ነበር። ኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111ም፣ ሥራው በባሕርዩ በሚጠይቀው ነገር ላይ የተመሠረተ ምርጫ አድልዎ እንዳይደለ ይገልጻል። ስለዚህ ፈተናው ራሱ አልተከለከለም።

ነገር ግን ፈተናው ከሥራው ጋር መዛመድ አለበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 በግሪግስና በዱክ ፓወር ኩባንያ ክርክር፣ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ያልተረጋገጠ ፈተና ጥቁሮችን የሚያገልል ከሆነ፣ ቀጣሪው ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወስኗል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሥራው ጠባይ ሳያስገድድ የአካል ጉዳተኛን እኩል ዕድል የሚያጠብ መመዘኛን እንደ አድልዎ ይቆጥረዋል። እንግዲህ ሞተር አንቀሳቃሹን «አስነሣ፣ አቁም፣ አስተካክል» ማለት ተገቢ ነው፤ ጆንያ ተሸካሚውን በጽሑፍ መፈተን ግን ምክንያት ያሻዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ጊዜውም ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ሕግ፣ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር፣ በሙከራ ላይ ያለው ሰው ሙከራውን ከጨረሰ ሠራተኛ ጋር እኩል መብት አለው። የሥራ ውል ራሱ ግን በመሠረቱ ልዩ ፎርም አያስፈልገውም።

ከዚህ የምንደርስበት ውጤት እነሆ፦ ለግማሽ ሰዓት ሞተሩን ሲያንቀሳቅስ የታየ ሰው ተፈትኗል፤ ሳምንት ሙሉ የደንበኞችን ሩዝ የፈለፈለ ግን ሠርቷል። የሙከራው ስምምነት በጽሑፍ ካልሰፈረም፣ በእኛ አስተያየት፣ ይህ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ሠራተኛ ነው። «ፈተናውን አላለፍህም» ተብሎ ባዶ እጁን ሊሰናበት አይገባም።