መንበርከክና ቁጢጥ ማለት በፎቶግራፍ ታሪክ

በጣና ሐይቅ፥ በደቅ ደሴት ባለችው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ተሥለው ይታያሉ። ቤተ ክርስቲያኗን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት፥ በልጃቸው በዐፄ ኢያሱ ዘመንም መንግሥቱን የያዙት እርሳቸው ናቸው። ሠዓሊው ግን በዙፋን አላስቀመጣቸውም፤ ባማረ ልብሳቸው እንዳሉ ልጇን ከታቀፈችው ከእመቤታችን እግር በታች ተደፍተው እንዲታዩ አደረገ። ይህ በዚያ ዘመን ሰው ዓይን መዋረድ አልነበረም፤ በፈጣሪ ፊት ዝቅ ብሎ መታየት ለባለ ዘውድም ክብር ነበርና።

ፎቶግራፍ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. የፈረንሳዊው የዳጌር ጥበብ በፓሪስ ሲገለጥ አንድ ምስል ማንሣት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር፤ የተንቀሳቀሰም ሰው መልኩ ይደበዝዛል። ስለዚህ ተነሺው በወንበር ይቀመጣል፥ ራሱም ከኋላ በብረት ድጋፍ ይያዛል። ቁጢጥ ያለ ሰው ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ተንበርክኮም ሳይነቃነቅ ብዙ መቆየት አይቻልም። ወንበሩ እንግዲህ ለክብር ብቻ ሳይሆን ለመርጋትም ያስፈልግ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ማዶክስ በ1871 ደረቁን የጄላቲን ሰሌዳ ካሳወቀ በኋላ ጊዜው ወደ ሰከንድ ክፍልፋይ እያጠረ ሄደ፤ ዝቅ ብሎ መነሣትም ቀላል ሆነ።

የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋራ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ከዚያ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ሀገር፥ በዋይት ደሴት፥ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ቀረበ። ገና የ7 ዓመት ልጅ ነው። ካሜሮን ሰውን እንደ ሥዕል አደላድላ ማንሣት የምትወድ ነበረችና፥ አባቱንም እናቱንም በጥቂት ወራት ውስጥ ያጣው ሕፃን አቀማመጡን እንኳ ራሱ የመረጠ አይመስልም።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያውም ለልጆቹ ለሃይጋዝና ቶኒ ተብሎ ለሚጠራው ለቶርኮም ተላለፈ። በዘመኑ የማኅበር ምስሎች ሥርዓቱ በግልጽ ይነበባል። ታላቁ ሰው በመካከል ይቀመጣል፤ ተከታዩ ይቆማል፤ ከፊት የሚቀርብ ካለ መሬት ይቀመጣል ወይም ቁጢጥ ይላል። ቁጢጥ ማለት በሀገር ቤት የማንም ሰው የዕረፍትና የጨዋታ አቀማመጥ ነው። ገበሬ በማሳው ዳር፥ ባለቤቱም በምድጃዋ ፊት ቁጢጥ ብትል የሚያፍር የለም። በፎቶግራፍ ላይ ግን ከወንበር አጠገብ ስለ ዋለ የማነስ ምልክት መሰለ።

የትምህርት ቤት የመታሰቢያ ፎቶግራፍ ይህንኑ ወረሰ፤ መምህራን በወንበር፥ ትልልቆቹ ተማሪዎች ከኋላ ቆመው፥ ትንንሾቹ ከፊት ተንበርክከው ወይም ቁጢጥ ብለው። ምክንያቱ የሁሉም ፊት እንዲታይ ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ዳሩ ግን ተማሪ መንበርከክን የሚያውቀው ከጸሎት ብቻ አይደለም። በጠጠር ላይ አንበርክኮ መቅጣት በብዙ ትምህርት ቤት ሲሠራበት ኖሯል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ጉልበት ግን የለመደውን ቶሎ አይረሳም። «ተንበርከኩ» በሚል ቃል የተሰለፈ ልጅ ፈገግ በል ቢባል ምን ፈገግታ ይመጣለታል?

የፊቱን ረድፍ ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ልዩነቱን ያገኘዋል። ቁጢጥ ያለው ልጅ ክርኑን በጉልበቱ ላይ አሳርፎ፥ አገጩን በመዳፉ ደግፎ እንደ ልቡ ይሆናል፤ የተንበረከከው ግን እጁን የሚያኖርበት ያጣል። መፍትሔውም ውድ አይደለም። ከመምህራኑ ወንበር ፊት አንድ ዝቅ ያለ አግዳሚ ቢዘረጋ ትንንሾቹ ተቀምጠው ይነሣሉ፥ የማንም ፊት አይሸፈንም።