ዘመድ በሌለበት መዳር፦ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጋብቻ በኢስትሊ

ናይሮቢ ውስጥ በምትገኘው ኢስትሊ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ትዳር የሚይዙበት ወግ በይበልጥ የተፈጠረው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ደርግ ሲወድቅ ወታደሮች፣ ሹማምንትና ተማሪዎች በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ገቡ። በ1984 የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) ከሽግግር መንግሥቱ ሲወጣ፣ ኋላም ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ሌሎች ተከተሏቸው። የኬንያ መንግሥት ስደተኛው እንደ ካኩማ ባሉ ካምፖች እንዲኖር ቢሻም፣ ሠርቶ ማደር የፈለገው ናይሮቢን መረጠ።

ኢስትሊ ድሮም የመጤ ሰፈር ናት። በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንዳውያንና ሶማሌዎች ኖረውባታል። እ.ኤ.አ. በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ በሶማሌ ስደተኞች ተሞላች፤ ጋሪሳ ሎጅ የተባለው ማረፊያ ቤትም ክፍሎቹ ወደ ሱቅነት ተለውጠው ለዛሬው ትልቅ ገበያ መነሻ ሆነ። ኢትዮጵያዊው በዚህ ገበያ ሻጭ፣ ተሸካሚ ወይም ደላላ ሆነ። ኢትዮጵያዊቷ እንጀራ ጋግራ፣ ቡና አፍልታ፣ ሹሩባ ሠርታ ኪራይዋን ከፈለች።

በአማራው ወግ ጋብቻ የሁለት ቤተሰብ ጉዳይ ነበር፤ ወላጅ ይመርጣል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ኢስትሊ የደረሰ ሰው ግን የሚልከውም የሚቆጥርለትም አጠገቡ የለም። አብዛኛው የመጣው ወደ ሌላ አገር ቶሎ ሊያልፍ እንጂ ሊኖርባት ስላልነበረ ፍቅር በሐሳቡ አልነበረም። ፍቅር የመጣው በችግር በኩል ነው። አንድ ክፍል በደባልነት የተከራዩ ሰዎች አብረው ያበስላሉ፤ የታመመውን ያስታምማሉ፤ ፖሊስ የያዘውን ለማስፈታት ገንዘብ ያዋጣሉ። ሰው በእንዲህ ያለ ቀን የሚያሳየው ጠባይ በሽማግሌ ከሚጠየቀው ዘር ማንዘር ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ሽምግልናው ግን አልቀረም፤ ሰው ቀየረ። ቀድሞ የመጣ ያገር ልጅ፣ ቄስ፣ ፓስተር ወይም ሼህ በወላጅ ቦታ ይቆማል፤ እናት አባት በስልክ ይመርቃሉ። የእነዚህ ሽማግሌዎች ከባድ ሥራ ሙሽራው ወይም ሙሽራዋ አገር ቤት ትዳር እንደሌላቸው ማጣራት ነው፤ ለዚህም ከዚያው ከተማ የመጣ ሰው ይፈለጋል። አገር ቤት ቢሆኑ ላይገናኙ ይችሉ የነበሩ የጎንደር፣ የወለጋና የኤርትራዋ አስመራ ልጆች በዚህ መንገድ ተጋብተዋል። ይህ የኢስትሊ ትልቁ ስጦታ ነው ማለት ይቻላል።

ወረቀቱ ከፍቅሩ ይልቅ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኬንያ የጋብቻ ሕግ ክርስቲያናዊ፣ እስላማዊ፣ ሂንዱ፣ ባህላዊና የማዘጋጃ ቤት ጋብቻን እኩል ተቀብሎ ሁሉም እንዲመዘገብ ያዛል። የውጭ ዜጋ ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ከገዛ መንግሥቱ የሸሸ ሰው ይህን ከኤምባሲው መለመን ስለሚቸግረው በሃይማኖት ቤት ተጋብቶ ለተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ያስታውቃል። ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ተራ ለሚጠብቅ ስደተኛ ማስታወቁ ግድ ነው፦ ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ ቀድሞ የሄደ ስደተኛ የትዳር ጓደኛውን ተከታይ አድርጎ የሚያስመጣው ከጉዞው በፊት ተጋብተው ከነበረና አሜሪካ በገባ በሁለት ዓመት ውስጥ ካመለከተ ነው። የጉዞ ጉዳዩ እንዳይጓተት ብሎ ትዳሩን የደበቀ ሰው ሚስቱን ለዓመታት ሊያጣ ይችላል። ለጉዞ ብቻ የሚደረግ ጋብቻ አለ፤ በዚያ ምክንያት ሁሉንም መጠርጠር ግን በደል ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ኡሳላማ ዎች በተባለው የፖሊስ ዘመቻ ከኢስትሊ የታፈሱ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በካሳራኒ ስታዲየም ታጎሩ፤ ብዙዎች ወደ ካምፕ ሲጋዙ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያዩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ አሜሪካ የስደተኞች ቅበላዋን ስታግድ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ ቤተሰቦች ባሉበት ቀሩ። ከኢስትሊ ትዳሮች ኬንያ ውስጥ የተወለዱ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በትውልድ የሚገኝ ዜግነት በመሠረቱ ከኬንያዊ ወላጅ ስለሚመጣ ግን ኬንያዊ አይባሉም።