አንበሳ፣ ማረሻ፣ መኖራ፦ አርማው ሲለወጥ ማን ምን አገኘ?

አያቶቻችን በአንድ ዕድሜ ሦስት የመንግሥት አርማ አይተዋል። ልጅ ሳሉ ዘውድ የደፋ አንበሳ ነበር። ጎልማሳ ሲሆኑ ማረሻ መጣ። እዚህ አገር ሲገቡ ደግሞ መኖራ ተቀበላቸው። እዚህ የተወለድነው ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የምናውቀው አንዱን ብቻ ነው። እሱም በፓስፖርታችን ላይ ስላለ፣ ስለለመድነው ልብ አንለውም።

የባንዲራ ነገር ሲነሳ "ጨርቅ ነው፣ ምን አገባኝ" የሚል ጓደኛ አለ። "ለባንዲራማ ነፍሴን እሰጣለሁ" የሚልም አለ። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጥያቄ እናንሳ። አርማው በተለወጠ ቁጥር ከሥሩ የሚኖረው ሰው፣ በተለይ የእኛ ወገን ቤተ እስራኤል፣ ምን አገኘ? ምንስ ቀረበት? (እዚህ የተጻፉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ባንዲራ በአንድ ዓመት

የሚገርም ነገር አለ። የኢትዮጵያና የእስራኤል ባንዲራዎች ታሪክ በአንድ ዓመት ይገናኛል። በ1897 ኦገስት ላይ በስዊዘርላንድ ከተማ በባዝል የመጀመሪያው የጽዮናውያን ጉባኤ ተሰበሰበ። ዳዊት ቮልፍሶን የተባለው ሰው ለጉባኤው ባንዲራ ሲያስብ ታሊቱ ትዝ አለው፤ ነጭ ሆኖ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ መሐሉ ላይ ማጌን ዳዊት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ደግሞ፣ የዓድዋ ድል አንድ ዓመት ተኩል ካለፈው በኋላ፣ አፄ ምኒልክ ሦስቱን ቀለማት አንድ ላይ የያዘ ባንዲራ እንዲሆን አዘዙ። ቀለማቱ ቀድሞ ለየብቻቸው ይውለበለቡ ነበር።

ሰማያዊና ነጩ ግን ከባዝል በፊት እዚሁ በእኛ አካባቢ ታይቷል። በ1885 ሪሾን ለጽዮን ላይ ተመሳሳይ ባንዲራ ከሰቀሉት አንዱ እስራኤል ቤልኪንድ ነበር፤ ከቢሉ ማኅበር መሥራቾች የሆነው። ዛሬ ብዙ ዘመዶቻችን የሚኖሩባትን ገደራን በ1884 የቆረቆሩት የቢሉ ወጣቶች ናቸው። ባንዲራው ከመንግሥቱ በስድሳ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። አገር የሌላቸው ወጣቶች መጀመሪያ የያዙት ነገር ነው።

አንበሳው

ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከቱርክ እልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ። ሙዚቃ ያውቁ ስለነበር ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው፤ "አርባ ልጆች" ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ፣ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፈ። በኖቬምበር 2 ቀን 1930 አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ተሰማ። እንግዲህ የኢትዮጵያን መዝሙር ዜማ የሠራው ስደተኛ ነው፣ የተጫወቱትም ከኢየሩሳሌም የመጡ ልጆች ናቸው።

ኢየሩሳሌም በሕጉም ውስጥ ነበረች። የ1955ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሡ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ዘር እንደሚወርዱ በግልጽ ይናገራል። የባንዲራው አንበሳም የይሁዳ አንበሳ ነው። እንግዲህ ይህን ስናነብ "ታዲያ የይሁዳን ሃይማኖት የጠበቁት ቤተ እስራኤል ምን ደረሳቸው?" ብለን ብንጠይቅ ነውር የለውም።

መልሱ አያስደስትም። በአፄ ይስሐቅ ዘመን (1414–1429) ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይኖረው እንደተፈረደ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት አባቶቻችን በብዛት የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች፣ ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፣ እናቶቻችንም ሸክላ ሠሪዎች ሆነው ኖሩ። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው እሱ፣ መሬቱ የሌላ። በዚያ ላይ "ቡዳ" የሚል ስድብ ይጨመርበታል። የይሁዳ አንበሳ በባንዲራው ላይ ቆሞ ነበር፤ ይሁዳዊው ግን ርስት አልነበረውም።

ማረሻው

በሴፕቴምበር 1974 ደርግ ንጉሡን አወረደ። መጀመሪያ የአንበሳው ዘውድ ተነሳ፣ የያዘው መስቀልም ጦር ሆነ። ቀጥሎ አንበሳው ራሱ ሄደና በአዲሱ አርማ ላይ ማረሻ ገባ። መዝሙሩም በ1975 ተለወጠ።

በዚያው ዓመት ማርች 4 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ነው የሚለው አዋጅ ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር፣ ለሚያርሰው። የሃይማኖት ጥያቄ የለበትም። በብዙ ትውልድ ለመጀመሪያ ጊዜ የእኛ ሰው "ይህ የማርሰው የራሴ ድርሻ ነው" ለማለት በቃ። ጎረቤት ሁሉ በዚህ አልተደሰተም፤ ባለርስት የነበረው ቂም ያዘ።

ግን ማረሻውም ሙሉ አልነበረም። መሬት የሰጠው መንግሥት ከአገር መውጣትን ከለከለ፣ ልጆችን ለጦርነት መለመለ፣ በጎንደር ዕብራይስጥ የሚያስተምሩትን አሠረ። ወገኖቻችን በእግራቸው ወደ ሱዳን የሄዱት በዚያ አርማ ዘመን ነው። ወደ 4,000 የሚሆኑት በመንገድና በሰፈር አልቀዋል።

ቀጥሎ ያለውን ቀን ልብ በሉ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሜይ 21 ቀን 1991 አገር ጥሎ ወጣ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው በሜይ 28 ነው። ዘመቻ ሰሎሞን 14,000 ያህል ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ያወጣው በሜይ 24 እና 25፣ በሁለቱ መካከል ነው። አንዱ አርማ ሊወርድ፣ ሌላው ገና ሳይሰቀል ነው ወላጆቻችን አውሮፕላን የገቡት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ባንዲራ እነሱ የሚያውቁት በቴሌቪዥን ነው። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ሦስቱን ቀለማት እንዳሉ አቆይቶ መሐሉ ላይ አርማ አስገባ፤ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነት ለመኖር ያላቸው ተስፋ ምልክት እንዲሆን። በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለው ኮከብ ባለ አምስት ጫፍ ነው፤ የእኛ ማጌን ዳዊት ባለ ስድስት ነው። በ2009 የወጣው አዋጅ አርማ የሌለበትን መያዝ ቢከለክልም፣ በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በብዛት የሚይዘው አርማ የሌለውን ነው። ቀለሙ ግን የትም ይሄዳል። ጋና በ1957 ነፃ ስትወጣ ወሰደችው፣ ከዚያ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተከተሉ። በመካከለኛው አሜሪካም እንዲሁ ነው፤ በ1820ዎቹ የተመሠረተው ፌዴሬሽን ፈርሷል፣ ሰማያዊና ነጩ ግን በሆንዱራስ፣ በኤል ሳልቫዶርና በኒካራጓ ባንዲራ ላይ እስከ ዛሬ አለ። መንግሥት ያልፋል፣ ቀለም ይቆያል።

መኖራውና ያቭነ

የእስራኤል አርማ በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1949 ጸደቀ። ንድፉን የሠሩት ገብርኤልና ማክሲም ሻሚር የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። የወይራ ቅርንጫፎቹ ከነቢዩ ዘካርያስ ራእይ የተወሰዱ ናቸው። መኖራው ደግሞ ሮም ከሚገኘው የቲቶ ቅስት ላይ ነው የተቀዳው። ያ ቅስት ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱን አፍርሰው ዕቃውን ሲዘርፉ ያሳያል። መንግሥቱ የተማረከውን ዕቃ ምስል ወስዶ የነፃነቱ ምልክት አደረገው።

መኖራው ወደ ሮም ሲሄድ ሕጉስ ወዴት ሄደ? ወደ ያቭነ ነዋ! ረባን ዮሐናን ቤን ዛካይ ለሮማዊው አዛዥ ለቬስፓስያኖስ ያቀረበው ልመና ያቭነንና ሊቃውንቷን እንዲተውለት እንደነበር ታልሙድ ይተርካል። ንጉሥ የለም፣ ባንዲራ የለም፣ መኖራው ተማርኳል። ሕዝቡን ያቆየው የጥናትና የዳኝነት ቤት ነው። እኛ አውቶቡስ የምንጠብቅባት ከተማ ለአይሁድ ሁሉ ያስተማረችው ይህን ነው።

ዛሬ የሁለቱ አገሮች አስተዳደር በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ በሁለቱም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ፓርላማው ነው፣ ሥልጣኑ ያለው ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነው። የኢትዮጵያው ፕሬዚዳንት ለስድስት ዓመት፣ የእስራኤሉ ለሰባት። ኢትዮጵያ አንድ የተጻፈ ሕገ መንግሥት አላት፤ እስራኤል ግን ክነሴት አንድ በአንድ የሚያወጣቸው መሠረታዊ ሕጎች ናቸው ያሏት። ባንዲራው፣ አርማውና መዝሙሩ በ2018 በወጣው መሠረታዊ ሕግ ውስጥ ገብተዋል። ሕጉ እኩልነት የሚለውን ቃል ስላልያዘ ድሩዞችና ሌሎችም ተቃውመውታል።

ከታች ወደ ላይ

አንዳንዱ ምልክት ከቤተ መንግሥት ይወርዳል። አንዳንዱ ደግሞ ሕዝቡ ሲጠብቀው ኖሮ መንግሥት በኋላ ያጸድቀዋል። ሐቲክቫ ከመቶ ዓመት በላይ ሲዘመር ኖሮ በሕግ ብሔራዊ መዝሙር የሆነው በ2004 ነው። የእኛ ሲግድም እንዲሁ ነው። በጎንደር ተራሮች ቄሶች ኦሪትን ይዘው ሲወጡ፣ ሕዝቡ ጾሞ ሲከተል፣ የትኛውም መንግሥት አላዘዛቸውም። ክነሴት በ2008 የሲግድን ሕግ አወጣ፤ ሔሽቫን 29 የመንግሥት በዓል ሆነ። አንበሳውም ማረሻውም ያልሰጡንን እውቅና እዚህ ያገኘነው የራሳችንን ስላልጣልን ነው።

ይህ ማለት ሁሉ ነገር ተሟልቷል ማለት አይደለም። በ2015 የእኛ ወገን የሆነ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ ከታየ በኋላ ወጣቶች በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ አደባባይ ወጡ። ብዙዎቹ በእጃቸው የያዙት ሰማያዊና ነጩን ነበር። "ይህ ባንዲራ የእኔም ነው፣ እንግዲያው የሚለውን ፈጽሙ" ማለታቸው ነው። በ2016 የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት ቀረበ፣ በፍትሕ ሚኒስቴርም ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል ተቋቋመ። በቂ ነው ወይ? አይደለም። በ2019 እንደገና ጎዳና መውጣት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የአያቶቻችን ዕድሜ የሚያስተምረን እንግዲህ ይህ ነው። አንበሳው ያማረ ነበር፣ ርስት ግን አልሰጠም። ማረሻው መሬት ሰጠ፣ መንገድ ግን ዘጋ። መኖራው ቤት ሰጠ፤ በዚያ ቤት ውስጥ እኩል መሆናችንን ግን የምስሉ ውበት አያረጋግጥልንም። እሱ የሚገኘው በክነሴት በሚወጣው ሕግ፣ በፍርድ ቤት፣ በከተማው ምክር ቤትና በምርጫ ሣጥን ነው። 18 ዓመት የሞላችሁ፣ ምርጫ ሲመጣ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ያልሞላችሁ ደግሞ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የትኛው አርማ ሲወርድ የት እንደነበሩ፣ ምንስ እንዳገኙ። ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ እነሱ ያውቁታል፣ ጊዜውም እየሄደ ነው።