ልጁን ማን ይያዘው? የድሬዳዋ ቤትና ግቢ ታሪክ

የድሬዳዋ ታሪክ ሲነገር የሚጀመረው ከባቡር ነው። ተገቢም ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሲሰጡ ሐሳቡ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር መግባት ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ መሥመሩ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ሜዳ ላይ ደረሰ። አዲሱ ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር፤ ጸንቶ የቀረው ግን ድሬዳዋ የሚለው ስም ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን የመሥመሩ ርዝመት በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በዚያ ባቡር ምክንያት ከየአቅጣጫው የመጣው ሕዝብ የት አደረ? አባትና እናት ለሥራ ሲወጡ ልጆቹን ማን ያዘ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም በድሬዳዋ ታሪክ ውስጥ ሳይነጣጠሉ ኖረዋል። የቤቱ ጉዳይ በተነካ ቁጥር የልጁም ጉዳይ አብሮ ተነክቷል። የሚያሳዝነው ግን ስለ ቤት ሲወሰን ስለ ልጁ የጠየቀ ማነሱ ነው።

ከዚራና መጋላ

ከተማይቱን የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የሌለው የአሸዋ መንገድ ነው፤ ዝናብ ከደጋው ሲወርድ ብቻ ወንዝነቱን ያስታውሳል። በአንደኛው ዳር ከዚራ በባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች ፕላን፣ በቀጥ ያሉ መንገዶችና በጥላ ዛፎች ተመሠረተች። በሌላኛው ዳር ደግሞ መጋላ በገበያው ዙሪያ አደገች። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ከየመን የመጣው ዐረብ፣ ከሌሎችም የአገራችን ክፍሎች የመጣው ሁሉ በዚያ ተጎራበተ።

ከኩባንያው ሠራተኞች ከፊሎቹ የኩባንያ ቤት ደርሷቸዋል። ሌላው ሕዝብ ግን በኪራይ ነበር የሚኖረው። የኪራዩም ዓይነት በአመዛኙ ግቢ ነው፤ አንድ በር፣ በዙሪያው የተደረደሩ ክፍሎች፣ መሐሉ ላይ የጋራ ሜዳ። ሙቀቱ ስለሚያስገድድ ሰው የሚውለው ከክፍሉ ይልቅ በሜዳው ነው፤ በበጋው ወራት የሚያድረውም ውጭ ነው። እንግዲህ ልጅ ሲያለቅስ ሁሉም ይሰማል፤ ወደ በሩ ሲድኽ ሁሉም ያያል። እናቱ ገበያ ብትሄድ፣ የጎረቤቷ ሴት ስሙን ጠርታ ትመልሰዋለች። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም፤ የዛሬዋ ጠባቂ ነገ በተራዋ ልጇን ትታ ትሄዳለችና።

ትንሽ ከፍ ያለውን ልጅ ደግሞ ቁርኣን ቤት ይረከበዋል። ሉሑን ይዞ ጠዋት ይሄዳል፤ ፊደል ይማራል፤ ሥነ ሥርዓት ይማራል፤ እናትም እስከዚያ ሥራዋን ትሠራለች። ስለ ቁርኣን ቤት ስንናገር ዘወትር ስለ ትምህርቱ ብቻ እናነሣለን። ለቤተሰቡ ኑሮ የሰጠው የዚያ የግማሽ ቀን እፎይታ ግን በማንም መዝገብ አልተጻፈም።

የእናቶቹ ሥራ

ድሬዳዋ በአንድ ደመወዝ ብቻ የኖረች ከተማ አይደለችም። ለባቡሩ የሚጭኑ፣ የሚያወርዱና የሚጠግኑ ወንዶች ነበሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተጨመሩ። ሴቶቹም በቡና ለቀማ፣ በፋብሪካ፣ በቀፊራ ገበያ በችርቻሮ፣ በጫት ንግድ ተሰማሩ። ከሁሉም በላይ የሚታወቁት ግን በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሱ ልብስና የቤት ዕቃ የሚያመጡት ነጋዴ ሴቶች ናቸው። ጉምሩክ ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ ቤተሰቡ ደግሞ የልጅ ዳቦ ይለዋል። ለማንኛውም፣ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አንዲት ሴት ደርሳ ለመመለስ ከቤቷ ውጭ ማደር ነበረባት። ይህን ማድረግ የቻለችው የግቢው ሴቶች፣ አያትና አክስት ስለነበሩ ነው።

ያንን ዘመን ግን ከልክ በላይ ማስዋብ አይገባም። የሸክሙ ብዙ ክፍል የወደቀው በታላቅ እኅት ላይ ነበር። እናቷ ስትሄድ ታናናሾቿን የምታጥበው፣ የምታበላውና የምታስተኛው እሷ በመሆኗ ከትምህርት የቀረችው ልጅ ጥቂት አይደለችም። ከገጠር ሐረርጌ ለቤት ሠራተኝነት የመጣችዋ ልጅም አለች። እሷም የሰው ልጅ ናት፤ የሌላውን ልጅ ይዛ ስታሳድግ የእሷን ልጅነት ማን እንደያዘላት አልተጠየቀም። ነጻ ነው ያልነው የልጅ ጥበቃ በእውነቱ ነጻ አልነበረም፤ ዋጋውን የከፈሉት ድምፅ የሌላቸው ነበሩ ማለት ነው።

የሐምሌ 1967 አዋጅ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ፤ ቤት ማከራየት ለግለሰብ ተከለከለ። በወር እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነውን ቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆነውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያስተዳድር ጀመር።

ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር። አከራዩ ሲቆጣ ዕቃውን በራፍ ላይ የሚያወጣበት ጊዜ አለፈ። በሌላ በኩል ግን በዚህ አዋጅ የተወሰዱት የባለጸጎች ሕንጻዎች ብቻ አልነበሩም። ባሏ የሞተባት ሴት ሁለት ክፍል አከራይታ የቲሞችን የምታሳድግበት ቤትም ትርፍ ቤት ተባለ። ለሕዝብ ጥቅም ይሁን ተብሎ የተደረገ ነገር ለአንዳንዱ ቤት የቁርስ መጉደል ሆነ።

ኪራዩ ባለበት ቆመ። ለዓመታት ሳይጨምር የቆየ ኪራይ ለድኻ ጸጋ ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ግን የሚጠግን ገንዘብ አይገኝበትም። ቀበሌው አቅም የለውም፤ ተከራዩም የእሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ይፈራል። ልጆች አደጉ፤ አገቡ፤ የሚሄዱበት አዲስ ቤት ግን አልተሠራም። ስለዚህ አንዱ ክፍል በመጋረጃ ሁለት ሆነ፤ ከላይ ቆጥ ተሠራለት፤ የግቢው ሜዳ በየጊዜው በሚቀጠል ማጀት ጠበበ። ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ የጠፋው በአንድ ቀን አይደለም፤ በየዓመቱ አንድ ክንድ እየተቀነሰ ነው።

ጦርነት፣ ጎርፍና የባቡሩ ዝምታ

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ በነሐሴ ወር በከተማይቱ ዙሪያ ከባድ ውጊያ ተደረገ። የባቡሩም መሥመር ተቆረጠ። ባቡር ሲቆም የሠራተኛው ደመወዝ ብቻ አይደለም የሚሰጋው፤ የነጋዴዋ፣ የሻይ ሻጯ፣ የተሸካሚው ሁሉ ገቢ ይደርቃል። በዚያን ጊዜ አንዱ ያገኘውን ለሌላው ያካፈለበት ግቢ፣ የሴቶቹ ዕቁብ፣ እድርና የሐረሪዎቹ አፎቻ ስንቱን ቤት ከመዘጋት እንዳዳኑ አላህ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል በሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ወረደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። በወንዙ ዳር የሰፈሩት አደጋውን ሳያውቁ የሰፈሩ አልነበሩም፤ ለገበያው የቀረበና ርካሽ ቦታ እሱ በመሆኑ ነው። ድኻ ቤት ሲመርጥ የሚያወዳድረው ምቾትን ከምቾት ጋር ሳይሆን አንዱን አደጋ ከሌላው አደጋ ጋር ነው። ከጎርፉ በኋላ ከወንዙ እንዲርቁ መደረጋቸው ነፍስን ማዳን ስለሆነ ተገቢ ነበር። ሆኖም አዲስ ሰፈር የገባች እናት ጣሪያ ብታገኝም፣ ልጇን አደራ የምትልበትን ጎረቤት እንደገና ከመጀመሪያው መፈለግ ነበረባት።

ባቡሩም እያረጀ ሄዶ ዝም አለ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተቋረጠ፤ ወደ ጅቡቲ ያለውም ብዙ አልቆየም። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ጣቢያው ግን ከከተማው መሐል ወጣ ያለ ነው፤ እንደ ድሮው በየጣቢያው ቆሞ ሻጭና ገዢን የሚያገናኝም አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጣና ተከፈተ። ሥራ መምጣቱ መልካም ነው፤ ጥያቄው ወደ ሥራው የምትሄደዋ እናት ከቤት እንዴት ትወጣለች የሚለው ነው።

ጣሪያ ተቆጠረ፣ ጎረቤት አልተቆጠረም

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም በድሬዳዋም ተሠርቷል። ዕጣ የወጣለት ሰው የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ መጸዳጃ ቤት፣ ለልጁ የሚያወርሰው ንብረት አገኘ። ይህን ማቃለል ግፍ ነው። ሆኖም ፎቅ ላይ በሩ ሲዘጋ ልጅ ማልቀሱን የሚሰማ የለም፤ ደረጃውም ለሚድኽ ልጅ አያምንም። የባንኩ ዕዳ ሁለት ደመወዝ ይፈልጋል፤ ሁለተኛውን ደመወዝ የምታመጣው ደግሞ እናቲቱ ናት። እነሆ፣ ቤቱን ለመክፈል ከቤት መውጣት፣ ከቤት ለመውጣት ደግሞ ለልጅ ጠባቂ መክፈል ግድ ሆነ።

ሕጉ የተወሰነ መንገድ ሄዷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አዲስ አበባንና ድሬዳዋን በስም የሚመለከት ሲሆን፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል።

የሁለት ዓመት ውል ቀላል ነገር አይደለም። በየስድስት ወሩ ቤት የምትቀይር እናት ልጇን የምታምንበት ጎረቤት ልታፈራ አትችልም። መተማመን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ የሚገኘው አንድ ቦታ ሲቀመጡ ነው። ስለዚህ ይህን ውል የሚያከብር አከራይ የሚጠብቀው የተከራዩን ኪስ ብቻ አይደለም፤ የልጆቹንም ደህንነት ነው። ነገር ግን 90ዎቹ ቀናት ሲያልቁስ? በገበያ መደብ ላይ የምትውለው፣ አሠሪ የሌላት፣ ፈቃድ የሚሰጣት የሌለ እናትስ? ለእሷ ሕጉ ገና አልደረሰላትም።

ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ?

ግቢው ተመልሶ አይመጣም፤ ይመለስ ብንልም ያቺን ከትምህርት የቀረችዋን እኅት ይዞ መመለስ የለበትም። ሊመለስ የሚችለው ሥራው ነው፤ የታወቀ ሰው፣ የታወቀ ቦታ፣ የታወቀ ተራ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ገንዘብ ላይሆን ይችላል። በአንድ ሕንጻ የሚኖሩ ስድስት እናቶች ቀን ተከፋፍለው ልጅ ቢጠባበቁ፣ ወይም ከመካከላቸው ቤት ለምትውለዋ ተገቢውን ዋጋ አዋጥተው ቢከፍሏት የዕቁብን ያህል ቀላል ነው። ዕቁብን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን አያቅተውም። መስጊድ ሲሠራ ወይም ሲታደስ በግቢው አንዲት ጥላ ያላት፣ ውኃ ያላት፣ በሯ የሚዘጋ ክፍል ለገበያ እናቶች ሕፃናት ማቆያ ትታሰብ። ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሕዝብ ወቅፍ ማድረጋቸውን ሁላችንም ሰምተናል። የዚያ ዘመን ሰው የተቸገረው በውኃ ስለነበር ወቅፉ ውኃ ሆነ። የእኛ ከተማ እናት የተቸገረችው በምን እንደሆነ ደግሞ ከላይ አይተናል።

አከራይ የሆናችሁም፣ ልጅ ያላትን ተከራይ «ልጅ ይበዛባታል» ብላችሁ አትመልሱ። አባቶችም የሚታየው ቤት ዋጋው ስንት ነው ብሎ ከመጠየቅ ጋር፣ ጎረቤቱ ማነው፣ ልጁስ ከማን ጋር ይውላል ብለው ይጠይቁ። የቤት ሠራተኛ ያለውም ሰው እሷ ራሷ ትምህርት ቤት የምትሄድበት ሰዓት እንዳላት ቤቱን ይመርምር።

ድሬዳዋ በባቡር ተወለደች፤ ያሳደጓት ግን ስማቸው በየትኛውም ጣቢያ ያልተጻፈ የግቢ ሴቶች ናቸው። አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ከእነሱ የተረከብነውን አደራ እንዴት አድርገን ለልጆቻችን እንደምናደርስ ማሰብ ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው።