ከበስተጀርባ የሚበራ ሥዕል

ደብረ ታቦር ላደገ ሰው ሥዕል ማለት የመቅደስ ግድግዳ ነው። የጎንደር ሠዓሊዎች በጨርቅ ላይ ሥለው ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል፤ ምእመኑም በጧፍ ብርሃን ያየዋል። የእኔም ዓይን የለመደው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ መጥቼ በአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ባየሁ ጊዜ ደነቀኝ።

150 ካሬ ሜትር የሚሆነው ባለቀለም መስታወት በሦስት ክፍል የአፍሪካን ትናንት፣ ትግልና ነገ ይተርካል። ብርሃኑ የሚመጣው ከበስተጀርባው ነው፤ ደመና ሲያልፍ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይንቦገቦጋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው።

አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። እሰየው! የደብራችንን ሥዕል ግን ጧፉ እያሳየ ጢሱ ያጠቁረዋል። እሱንስ ማን ያድሰው?