አፄ ካሌብ ባሕር የተሻገሩበት ዓመት

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ525 ዓ.ም. የአክሱም ንጉሥ አፄ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፥ የናግራንን ክርስቲያኖች የፈጀውን የሒምያር ንጉሥ ዩሱፍን ድል ነሡ፤ በምትኩም ሱምያፋ አሽዋዕን አነገሡ። የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ዩስጢኖስ ዘመቻውን የደገፈው ስለ ሃይማኖት ብቻ አይመስለኝም፤ ፋርስም ነበረችበት። በዚያው ዘመን በሰሜን ቻይና የድንበር ወታደሮች በዌይ መንግሥት ላይ ዐምፀው ነበር።

እኛ መምህራን ግን ትምህርቱን ከድሉ ላይ እናቆመዋለን። የሮማው ጸሓፊ ፕሮኮፒዮስ እንደሚተርከው፥ በሒምያር የቀሩት የአክሱም ወታደሮች ራሳቸው ዐምፀው ሱምያፋን አሰሩ፤ አብርሃንም አነገሡ። ካሌብ 3,000 ሰው ቢልኩ፥ ጭፍራው አዛዡን ገድሎ ከአብርሃ ጋር ተባበረ፤ ሁለተኛው ጦር ተሸነፈ። አብርሃ ለአክሱም የገበረው ካሌብ ከሞቱ በኋላ፥ ለተተኪያቸው ነው።