የመተማ ዕጣንና የተቆጣ ቁስል

በአማርኛ ቁስል «ተቆጣ» እንላለን። ቀላ፣ አበጠ፣ ጋለ፣ ሲነኩት አስጮኸ ማለት ነው። ሐኪሞች ይህንኑ «ብግነት» ይሉታል። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ ምልክቶቹን አራት አድርጎ ቆጥሯል፦ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋል፣ መታመም። እናቶቻችን ሴልሰስን ሳያነቡ አራቱንም በአንድ ግስ ጨርሰውታል።

ቁጣው በራሱ ጠላት አይደለም። እሾህ ሲወጋን ወይም ጀርም ሲገባብን በቦታው ያሉ የመከላከያ ሕዋሳት ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ፤ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ይወጣል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ። ሥራው ሲያልቅ መብረድ አለበት። ችግሩ አልበርድ ሲል ነው፤ ያኔ መገጣጠሚያን፣ አንጀትን፣ የመተንፈሻ ቧንቧን ለዓመታት ይበላል።

ይህን ቁጣ ለማብረድ ሰው ከጥንት ጀምሮ ከሞከራቸው ነገሮች አንዱ ከሸሕዲ ዙሪያ ጫካ በየበጋው ይለቀማል፦ ዕጣን። መተማ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት ጦርነት ነው። ከተማዋ ግን ከዚያ በፊት የታወቀች የሲራራ ነጋዴ መገናኛ ነበረች፤ ከደጋው ቡናና ሰም፣ ያሳዝናል እንጂ ባሪያም፣ በእሷ በኩል ወደ ሱዳን ያልፍ ነበር። ዛሬ በዚህ ቆላ ስሙ ከሚነሣው የደን ሀብት ዋናው ዕጣን ነው። ዛፉን ሳይንስ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይለዋል፤ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ስለሚላጥ ነው ስሙ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሠራተኞች ግንዱን በስስ ይልጡታል፤ ነጭ ወተት መሳይ ፈሳሽ ይወጣና ይደርቃል፣ ይለቀማል፣ ቁስሉ እንደገና ይታደሳል። በአንድ በጋ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ሙጫው ለዛፉ የራሱ መድኃኒት ነው፤ ቁስሉን ይደፍንበታል፣ ነፍሳትንም ይከላከልለታል።

ዕጣን በሰው መድኃኒትነቱም አዲስ አይደለም። ዲዮስቆሪዶስ የተባለው ግሪካዊ ሐኪም ጽፎበታል፤ ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ኢብን ሲናም በ«ቃኑን» መጽሐፉ ጠቅሶታል። ሕንዶች ደግሞ የዛፉን ዘመድ፣ ቦስዌሊያ ሴራታን፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ወደ ላቦራቶሪ የገባውም በእነሱ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሕንዳውያን ተመራማሪዎች የሙጫው ውሕድ በእንስሳት ላይ ብግነትን እንደሚቀንስ አሳተሙ።

እንዴት? እዚህ ላይ አስፕሪንን ማንሣት ግድ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን የሕመም መልእክተኛ እንዳይሠራ እንደሚያግድ አሳየ፤ በ1982 ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። አብሮት የተሸለመው ስዊድናዊው ሳሙኤልሰን ደግሞ ከዚያው ጥሬ ዕቃ በሌላ መንገድ የሚሠሩ ሉኮትራይን የሚባሉ መልእክተኞችን አግኝቶ ነበር። አስፕሪን ይህን ሁለተኛ መንገድ አይዘጋውም። እ.ኤ.አ. በ1992 በጀርመን ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የአሞን ቡድን ከዕጣን የወጡት ቦስዌሊክ አሲዶች የሚያግዱት በትክክል ይህን ሁለተኛውን መንገድ እንደሆነ ዘገበ። የእኛው ዓይነት ዛፍ ሙጫም እነዚሁ አሲዶች አሉት።

ታዲያ ቡና ሲፈላ ዕጣን ማጨስ መገጣጠሚያን ያድናል? በፍጹም። ቦስዌሊክ አሲዶች ከባድ ሞለኪውሎች ናቸው፤ እንደ ሽታው በቀላሉ አይተኑም። የዕጣን ዘይት ሲጣራ እንኳ እነሱ ከታች ይቀራሉ። በጭሱ ወደ ሳንባ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ ይልቁንም መተንፈሻን ያስቆጣል፤ አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት መስኮት መክፈት ይሻላል። በእንክብል መልክ የተዘጋጀው ውሕድ ግን መጠነኛ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የኮክሬን ግምገማ የተጠናከረ የቦስዌሊያ ሴራታ ውሕድ የጉልበት አርትራይተስ ሕመምን ከ100 ነጥብ በ17 ገደማ እንደቀነሰ አስፍሯል። ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ይሻላል። እርድም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት።

ለመተማ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ቆላ ካላዛር አለ። ሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ ክሳትና የሆድ ማበጥ በዕጣንም በእርድም የሚበርድ ቁጣ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ነው መልሱ። ትኩሳት ያለበት ልጅ መገጣጠሚያው ካበጠም እንደዚያው፤ የልብ ጉዳት የሚያመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል።

አሁን የሚያሳስበው ግን የዛፉ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኢትዮጵያ ጭምር የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች 23 የዕጣን ደኖችንና 21,786 ዛፎችን ቆጥረው ያወጡት ውጤት ያስደነግጣል፦ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ደኖች ትንንሽ ዛፍ የላቸውም፤ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ ይቀንሳል ብለው ገምተዋል። ዘሩ ይበቅላል፤ ችግኙን ከብት ይግጠዋል፣ የበጋ እሳት ይጨርሰዋል። ትልልቆቹ ደግሞ ያለ ልክ ይላጣሉ፤ የተዳከመውን ግንድ ጢንዚዛ ይበሳዋል። በመተማው ለምለም ተራራ የዛፍ ቀለበት ተቆጥሮ ሲታይ አዲስ ዛፍ ከነባሮቹ ጋር ከተቀላቀለ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ባለሙያዎቹ የሚሉት ውስብስብ አይደለም፦ ከብትና እሳት የማይገባበት ክልል ይኑር፣ የመላጫው ቁጥር ይቀነስ፣ ዛፉ በየጥቂት ዓመቱ ይረፍ።